የአረጋውያን የሞት ምጣኔ በሕዝቦች መካከል የሚለያይበት ምክንያት

የሞት ምጣኔ በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱ ሰዎች ቁጥር በዚያው ዓመት ለነበረው ሕዝብ ቁጥር ተካፍሎ የሚገኝ ስሌት ነው። ወጣት የሚበዛበትን ወረዳ አዛውንት ከሚበዛበት ከተማ ጋር በጥቅል ምጣኔ ማወዳደር ስለሚያሳስት፣ ስሌቱ በዕድሜ ክልል ተለይቶ ይሠራል። ከጎልማሳነት በኋላ የሞት ዕድል በየ8 ዓመቱ ገደማ እጥፍ ይሆናልና የዕድሜ መረጃ ትክክለኛነት ወሳኝ ነው።

ልዩነቱ ሁለት ምንጮች አሉት። የመጀመሪያው የኑሮ ሁኔታ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ደቡብ ኦሞ ዞን፣ ሐመር ወረዳ የምትገኘው ቱርሚ ከጂንካ ከተማና ከሆስፒታሏ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የአካባቢው አርብቶ አደር አረጋውያን ምግብ በአመዛኙ በከብት ወተትና በማሽላ ላይ የተመሠረተ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያን እንደመታው ዓይነት ድርቅ ሲከሰት ከብት ያልቃል፤ በዕድሜ የደከመ ሰውነትም ለሳንባ ምችና ለቲቢ ይበልጥ ይጋለጣል። በከተሞች ግን የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም ጎላ ብለው ይታያሉ።

ሁለተኛው ምንጭ ምዝገባ ነው። የልደት መዝገብ በሌለበት ስፍራ ዕድሜ የሚነገረው በድርቅ፣ በጎርፍና በመሳሰሉት ክስተቶች እየተሰላ ነው። የ68 ዓመት ሰው 80 ተብሎ ሲመዘገብ፣ የ80 ዓመት ተብለው የተቆጠሩት ሰዎች የሞት ምጣኔ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። ያልተመዘገበ ሞትም እንዲሁ ምጣኔውን ያሳንሳል። ችግሩ የታዳጊ አገሮች ብቻ አይደለም፤ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገ ማጣራት በቤተሰብ መዝገብ በሕይወት እንዳሉ የሚታዩ፣ አድራሻቸው ግን የማይታወቅ ከ230 ሺህ በላይ የመቶ ዓመት ባለዕድሜዎች ተገኝተዋል።

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በመሆኑም የዛሬዎቹ አረጋውያን በተወለዱበት ጊዜ አልተመዘገቡም፤ ሞታቸውን ግን መመዝገብ ይቻላል።

ስለዚህ ከአንድ ወረዳ ዝቅተኛ የአረጋውያን ሞት ሪፖርት ሲቀርብ፣ የጤና በጀት የሚደለድል አካል አስቀድሞ ሞቱ በቀበሌ መመዝገቡን፣ ዕድሜውም በምን እንደተረጋገጠ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ካልሆነ ሐኪም የራቃቸው አረጋውያን በቁጥር ጤናሞች ሆነው ይታዩና፣ ድጋፉ ከሁሉ ይልቅ ከሚያስፈልገው ቦታ ይቀራል።