ጨዋታ ሲደራረብ ቡድን ምን ይሆናል?

ቅዳሜ ሊግ፣ ረቡዕ ሻምፒየንስ ሊግ፣ እሁድ እንደገና ሊግ። ቡድናችን ነጥብ ሲጥል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንወርደው አሰልጣኙ ላይ ነው። ግን አሰላለፉን ከመተቸታችን በፊት መርሐ ግብሩን ማየት አይሻልም? ዛሬ የጨዋታ መደራረብ ቡድንን እንዴት እንደሚጎዳ በአጭሩ እናያለን።

ሰውነት ስንት ቀን ይፈልጋል?

90 ደቂቃ የተጫወተ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ጉልበት ሰጪ ክምችት በጣም ይቀንሳል። ያንን መልሶ ለመሙላት ብዙውን ጊዜ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ያስፈልጋል። ረቡዕ ማታ አውሮፓ ላይ ተጫውቶ ቅዳሜ በመጀመሪያው ጨዋታ ሜዳ የሚገባ ቡድን ግን 72 ሰዓት አይሞላውም። ጉዞውም እንቅልፉም ልምምዱም እዚያው ውስጥ ነው።

ድካሙ የት ይታያል?

«ደክሟቸዋል፣ መሮጥ አቅቷቸዋል» እንላለን። በ2010 የታተመ፣ የአንድ ክለብ ተጫዋቾችን ለሁለት የውድድር ዘመን የተከታተለ ጥናት ግን ሌላ ነገር ነው ያሳየው። በሳምንት ሁለቴ ሲጫወቱ የሚሮጡት ርቀት ብዙም አልቀነሰም። የጉዳቱ መጠን ግን በሳምንት አንዴ ከሚጫወቱበት ጊዜ 6 እጥፍ ገደማ ነበር። እግሩ ይሮጣል፤ ዕዳው ኋላ ይመጣል።

ጉዳት ሲበዛ ቋሚ 11 ይፈርሳል። በዚያ ላይ በሁለት ጨዋታ መሀል ያለው ጊዜ ለጉዞና ለማገገም ስለሚያልቅ፣ አሰልጣኙ ስህተት የሚያርምበት ቀን አያገኝም።

ሦስት ምሳሌዎች

👉 ፔድሪ፦ በ2020/21 ገና በ18 ዓመቱ፣ ዩሮና ኦሊምፒክን ጨምሮ ለባርሴሎናና ለስፔን 73 ጨዋታ አደረገ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን በተደጋጋሚ የጡንቻ ጉዳት ለወራት ከሜዳ ራቀ።

👉 ሊቨርፑል፦ ዲሴምበር 17፣ 2019 በካራባኦ ካፕ በአስቶን ቪላ 5 ለ 0 ተሸነፈ። የተጫወቱት ታዳጊዎቹ ናቸው። ዋናው ቡድን በማግስቱ በክለቦች ዓለም ዋንጫ ሞንቴሬይን ሊገጥም ኳታር ነበር!

👉 ማንችስተር ሲቲ፦ በሴፕቴምበር 2024 ሮድሪ ተጫዋቾች በጨዋታ ብዛት የተነሳ አድማ ለመምታት መቃረባቸውን ተናገረ። ከ5 ቀን በኋላ ከአርሰናል ጋር ሲጫወቱ የጉልበት ጅማቱ ተጎዳ። ጉዳቱን ያመጣው መደራረቡ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ግን ሌሎችም ተከትለው ሲጎዱና ጨዋታው ፋታ ሲያሳጣ፣ ለ4 ተከታታይ ዓመታት ሻምፒዮን የነበረው ቡድን ከኦክቶበር 30 እስከ ዲሴምበር 26 ካደረጋቸው 13 ጨዋታዎች ያሸነፈው 1 ብቻ ነው። በ9ኙ ተሸንፏል።

ለምን በዛ?

ከ2024/25 ጀምሮ የሻምፒየንስ ሊግ የመጀመሪያ ዙር ከ6 ወደ 8 ጨዋታ አድጓል። በ2025 ደግሞ 32 ክለቦች የተሳተፉበት የክለቦች ዓለም ዋንጫ መጣ። ለፍጻሜ የደረሱት ቼልሲና ፒኤስጂ ሌላው በሚያርፍበት ጊዜ እስከ ጁላይ 13 ሲጫወቱ ነበር።

መፍትሔስ?

5 ተጫዋች መቀየር መፈቀዱ ትንሽ አቅልሏል። ተጫዋቾችን እያፈራረቁ ማሰለፍም ይረዳል። ግን ይሄ የሚመቸው ተቀያሪ ወንበሩም በኮከብ ለተሞላ ሀብታም ክለብ ነው። ስብስቡ የሳሳ ቡድን አንዱን ውድድር ለመተው ይገደዳል።

ስለዚህ ቡድናችሁ ሲንገዳገድ ሦስት ነገር እዩ፦ ካለፈው ጨዋታ ስንት ቀን አረፈ? ተጋጣሚውስ? ተቀያሪ ወንበሩ ላይ ማን አለ? አሰልጣኙን መተቸት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።