ሞጁሉና ኔትወርኩ

የርቀት ትምህርት ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቆላ ይፋት የሚደርሰውን ሞጁል ማታ ማታ በረንዳ ላይ እናነብ ነበር። መብራት ቢጠፋ ኩራዝ አለ። ቅዳሜና እሑድ ቱቶሪያል ነው። አንዳንዱማ አሳይመንቱን ከፍሎ ያሠራ ነበር፤ ምን ይደበቃል!

መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ክረምት ጥራት የለውም ብሎ የርቀት ትምህርትን አገደ። ከወራት በኋላ እገዳው ላላ። እኔ እርምጃው የጅምላ ነበር ባይ ነኝ፤ ኮራጁን እቀጣለሁ ብሎ ሽንኩርት ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ የሚያነበውንም ቀጣ።

ቀጥሎ ኦንላይን መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያዘጋ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢሜይልና በቴሌግራም ቀጥሉ ተባሉ። ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ጠፋ።

የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም በ1971 እ.ኤ.አ. ማስተማር እንደጀመረ የፖስታ ሠራተኞች አድማ ገጥሞት ነበር፤ አድማው ግን በሳምንታት አለቀ። እኛ ጋ ኦንላይን ውጤታማ ነው አይደለም ብሎ ለመከራከር እንኳ መጀመሪያ መስመሩ መኖር አለበት።

በዚያ ዓመት አንድ የማስተርስ ተማሪ ዘመዴ መንገድ ሲከፈት ንባቡን ከአዲስ አበባ በፍላሽ ያስመጣ ነበር። አሳትሞ ያነበዋል፤ እዚያው በረንዳ ላይ።