ከወለድ አገድ እስከ ሐራጅ፦ የቤት ዕዳና የንፋስ ስልክ ላፍቶ ባለቤቶች

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አንሥቶ እስከ መካኒሳና ለቡ የግል ግቢዎች ድረስ፣ ብዙ ሰው «ቤቴ» የሚለው ቤት በባንክ መያዣነት የተመዘገበ ነው። ወርኃዊው ክፍያ ሳይቋረጥ እስከ ሄደ ድረስ ይህ እምብዛም አይታሰብም። የሚታሰበው ሥራ ሲጠፋ፣ ሕመም ሲገባ ወይም ተከራዩ ኪራዩን ሲያዘገይ ነው። ያን ጊዜ በባለዕዳውና በአበዳሪው መካከል የሚነሣው ክርክር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም።

ባንክ ከመስፋፋቱ በፊት አገሩ የሚያውቀው ወለድ አገድን ነበር። ገንዘብ የቸገረው ሰው ቤቱን ወይም መሬቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው በወለዱ ፋንታ ይገለገልበታል፤ ባለቤቱም ዋናውን ገንዘብ በመለሰ ጊዜ ንብረቱን ያስለቅቃል። በዚህ ሥርዓት ባለዕዳው አስቀድሞ መገልገያውን ያጣል እንጂ ባለቤትነቱን አያጣም። የባንክ መያዣ ግን ነገሩን ገልብጦታል፤ ባለዕዳው በቤቱ እየኖረ ይከፍላል፤ መክፈል ሲያቅተው የሚያጣው ቤቱን ራሱን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱንም ዓይነት ዋስትና ተቀብሏል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ በአንቀጽ 3060 ለባለዕዳው ትልቅ ጋሻ ተሰጥቶት ነበር። ዕዳው በጊዜው ባይከፈል አበዳሪው ሕጉ ያዘዘውን ሥርዓት ሳይፈጽም ንብረቱን እንዲይዝ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት ዋጋ እንዳይኖረው ተደንግጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘብ በእጅጉ የሚፈልግ ሰው በውል ቀን ያቀረቡለትን ሁሉ ይፈርማል። ስለዚህም ሐራጁ በፍርድ ቤት በኩል እንዲያልፍ ተደረገ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ መያዣ ሊሆን የሚችለው ነገር ጠበበ። ከዚያ ወዲህ በዋስትና የሚቀርበው መሬቱ ሳይሆን ሕንፃው ሆነ። ቀደም ሲል ለቤት መሥሪያ ያበድሩ የነበሩት ተቋማት በ1968 ዓ.ም. ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ይኸው ባንክ በ1980ዎቹ አጋማሽ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ።

ዋናው ለውጥ የመጣው ግን በ1990 ዓ.ም. ነው። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ የ1952ቱን ጋሻ በባንኮች ረገድ አነሣው። ውሉ ከፈቀደ፣ ባንኩ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ንብረቱን ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የፍርድ ቤት ክርክር ዓመታት ሲፈጅ የአስቀማጮች ገንዘብ ታስሮ ይቀራል የሚለው የባንኮች አቤቱታ እውነትነት ነበረው። በአሜሪካም ቢሆን አንዳንዱ ግዛት የዳኛ ውሳኔ ሲጠይቅ፣ ሌላው ያለ ፍርድ መሸጥን ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ አዋጁ የነጋዴውን መጋዘንና የቤተሰብን መኖሪያ በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነበር።

አዋጁ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ተጀመረ። በጀሞ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠርተው በዕጣ ታደሉ። በ20/80 መርሐ ግብር ባለዕጣው ከዋጋው 20 በመቶውን በቅድሚያ ይከፍላል፤ ቀሪውን ባንክ ያበድረዋል። ዩኤን ሀቢታት በፕሮግራሙ ላይ ያወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ ክፍያው የከበዳቸው ብዙ ባለዕጣዎች ቤታቸውን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ በሆነ ሌላ ቦታ ይኖራሉ። እዚህ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል፣ ግን ከባድ ጥያቄ ይነሣል፦ ማስጠንቀቂያው በር ላይ ሲለጠፍ የሚያነበው ማን ነው? ቤቱ ውስጥ ያለው ተከራዩ ነው፤ 30ው ቀን ግን የሚቆጠረው በባለቤቱ ላይ ነው።

ከማስጠንቀቂያው ሌላ የሚያጨቃጭቁት የዕዳው ስሌትና የሐራጁ መነሻ ዋጋ ናቸው። የትዳር ጓደኛ ፈቃድም አለ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዣ የሚሰጠው በባልና ሚስት ስምምነት ነው። ስለሆነም ባልየው ብቻውን የፈረመበት የመያዣ ውል፣ ሚስቲቱ ስትሰማ ወደ ችሎት ይሄዳል። ከሁሉ ይልቅ ለባለዕዳው ተስፋ የሚሰጠው ክርክር ይኸኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ውሉን ከሥሩ ይነካልና።

ሐራጁ ይታገድልኝ የሚለው አቤቱታ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። አዋጁ ሥርዓቱን ጥሶ የሸጠ ባንክ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም ባለዕዳው መፍትሔውን በካሣ በኩል እንዲፈልግ ወደሚያደርግ አተረጓጎም አዘንብሏል። እንግዲህ ባለዕዳው ከስሶ ቢረታ የሚያገኘው ገንዘብ ነው፤ ቤቱ በገዢው ስም ተዛውሯል። ለክሱም የዳኝነት ገንዘብ እንደ ጠየቀው ካሣ መጠን ይከፍላል፤ ከሌለውም በቅድሚያ መክፈል አለመቻሉን አስረድቶ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመለክታል።