ምርጥ ምድጃ፦ ጋጋሪዋ የተጠየቀችበት ዕቃ

እኛ ጁባ ያለን ነጋዴዎች የወጪያችንን አንድ ክፍል በየቀኑ እሳት ይበላዋል። ሆቴል የከፈትን፣ እንጀራ ጋግረን የምናከፋፍል፣ ሻይ የምናፈላ ሁላችን ከሰል ወይም ማገዶ እንገዛለን። ስለዚህ «ማገዶ ቆጣቢ» የሚባል ዕቃ ሲመጣ ጆሯችን ይቆማል። ግን አንዱ በሳምንት ያልቃል፣ ሌላው መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ለምን? መልሱን ከራሳችን አገር ታሪክ እናገኘዋለን።

ነገሩ ከጎረቤት ይጀምራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ኬንያ ውስጥ አዲስ የከሰል ምድጃ ወጣ። የታይላንድን በባልዲ ውስጥ የሚቀመጥ የሸክላ ምድጃ ከኬንያ የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ያዳቀለ ነው፦ ወገቡ ቀጠን፣ ከላይ በኩል ብቻ ሸክላ የተለበጠ። ከታች ሰፊ ስለሆነ ገንፎ ሲማሰልበት በቀላሉ አይንገዳገድም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች በዓለም ባንክ ድጋፍ ይህንኑ ለእኛ ማዕድ ቤት አሻሻሉት፤ «ላቀች» ተባለ። ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ሲነጻጸር ከሰል 25 በመቶ ያህል ይቆጥባል። ናሙናው መጀመሪያ የገባው ሱቅ ሳይሆን ቤት ነበር። እመቤቶች ወጥ ሠርተውበት፣ ቡና አፍልተውበት ነው የተለካው።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ምጣድ ነበር። ከየትም አገር የመጣ ምድጃ እንጀራን አያውቅም። ስለዚህ «ምርጥ» ከባዶ ተነሥቶ ለምጣድ ተሠራ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚቀረጽ ስድስት ክፍል አለው፦ አራቱ ምጣዱን ይከባሉ፣ ሁለቱ ከኋላ የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። በዚያ በኩል የሚወጣው ትኩስ ጭስ እንጀራው እየተጋገረ ወጡን ያሞቃል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ እንደሚቆጥብ በሙከራ ተለካ። ከ1998 ጀምሮ የጀርመን የልማት ድርጅት ጂቲዜድ በየክልሉ አነስተኛ አምራቾችን እያሠለጠነ አስፋፋው። ከባድና ውድ ነው ለሚለው ቅሬታ መልስ የሚሆን ግድግዳው ቀጠን ያለ ዓይነትም በኋላ ወጣ፤ ሲሚንቶው ያነሰ፣ ለማጓጓዝ የቀለለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2015 የወጣ የዓለም ባንክ ጥናት በገጠር ቤቶች ምድጃው ላይ መቆጣጠሪያ አድርጎ ለካ። አንድ ቤት በዓመት 634 ኪሎ ያህል ማገዶ፣ ወደ አየር ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም 0.94 ቶን ያህል ይቆጥባል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ ከተገመተው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በሙከራ የሚገኝ ቁጥርና በየቀኑ ኑሮ የሚገኝ ቁጥር አንድ አይደሉም። ልዩነቱን የምታውቀው ጋጋሪዋ ናት።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? ጁባ ያለው ደንበኛችን አንድ ዓይነት አይደለም። የእኛ ሰው ምጣድ ይጥዳል፤ የአገሬው እመቤት ኪስራ በስስ ብረት ላይ ትጋግራለች፣ አሲዳ በኃይል ታማስላለች። ለአንዷ የተመቸው ለሌላዋ ይገለበጣል። ኮንቴይነር ሙሉ ከማዘዛችን በፊት ሁለት ሦስት ናሙና ለሁለት ሦስት ማዕድ ቤት ሰጥተን አንድ ወር ብንጠብቅ፣ ከሰሉን በሚዛን ብናስለካ፣ «የቱ ጋ አስቸገረሽ?» ብለን የሰማነውን ለአምራቹ ብንልክ የምናወጣው ጥቂት ነው። ሳንጠይቅ ካመጣነው ግን ገንዘባችን መጋዘን ውስጥ ይታሰራል፤ እመቤቲቱም ወደ ሦስት ጉልቻዋ ትመለሳለች፣ ዛፉም መቆረጡን ይቀጥላል።

አበው «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ። የምድጃ ባለቤት ደግሞ አጠገቡ ቆማ ጭሱን የምትስበው ናት።