በመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ብልሽት የሚታወቅባቸው ምልክቶች

በመኖሪያ ቤት ከኤሌክትሪክ መስመር የሚነሣ ቃጠሎ ድንገተኛ መስሎ ይታያል። ይሁንና ነበልባሉ ከመታየቱ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከወራት አስቀድሞ መስመሩ በጠረን፣ በሙቀት፣ በድምፅ ወይም በብርሃን መዋዠቅ ምልክት መስጠቱ የተለመደ ነው። ይህንንም ቀድሞ የሚያስተውለው ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ልብስ የሚተኩሰው፣ እንጀራ የሚጋግረውና የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚያስነሣው ሰው ነው።

ከምልክቶቹ መካከል ተደጋግሞ የሚታየው፣ አብዝቶም የሚናቀው የሶኬት መጋል ነው። የመሰኪያው አካል በእጅ ለመያዝ የሚያስቸግር ሙቀት ካለው፣ በሶኬቱ ቀዳዳዎች ዙሪያ ቡናማ ወይም ጥቁር ጠባሳ ከታየ፣ ወይም ፕላስቲኩ ከተጣመመ፣ በውስጡ የላላ መገናኛ መኖሩን ወይም ሶኬቱ ከአቅሙ በላይ መጫኑን ያመለክታል። የስልክ ቻርጀር ለብ ማለት ግን የሚያሳስብ አይደለም።

የላላ መገናኛ የሚያስከትለውን አደጋ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሽቦው ከብሎኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ 0.1 ኦም ያህል ሬዚስታንስ ቢፈጠር፣ በዚያች ጠባብ ነጥብ ላይ ወደ 26 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይወጣል። ይህም ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ ከሚያቀልጡበት አነስተኛ መሣሪያ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ የሚሠራ መሆኑ ነው ልዩነቱ። በመስመሩ የሚያልፈው ኃይል ከተወሰነው መጠን ስላልበለጠ ብሬከሩ አይጥልም። ስለዚህ «ብሬከሩ ካልጣለ ቤቱ ደህና ነው» የሚለው ግምት ስሕተት ነው፤ ብሬከር የተሠራው ከልክ ያለፈ ኃይልንና ሾርትን ለማቋረጥ እንጂ የመገናኛን መላላት ለማወቅ አይደለም።

ምጣዱን በምሳሌነት ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት ያስመጡትን ባለ ሁለት ክብ እግር ምጣድ በአስማሚ አማካይነት በአገሩ ሶኬት ላይ መሰካት ይቀናቸዋል። በዚያ የሚሠራበት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬት ግን የተሠራው ለ13 አምፔር፣ ማለትም በ230 ቮልት ለ3,000 ዋት ያህል ነው። ፊውዝ ያለው መሰኪያም ቢሆን ጭነቱ በጥቂቱ ሲበልጥ ወዲያው ላይቃጠል ስለሚችል፣ ሙቀቱን የሚሸከመው አስማሚው ይሆናል። ምጣዱም በአንድ ቀን ለረጅም ሰዓት ሳይጠፋ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ በቤቱ ባለቤት ፈቃድ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ፣ የራሱ ብሬከር ያለው የተለየ መስመር ማስዘርጋት ነው። የኤክስቴንሽን ገመድ በተለይም እንደ ተጠቀለለ ለምጣድ፣ ለማሞቂያም ሆነ ለአየር ማቀዝቀዣ አይሆንም።

ጠረንን በሚመለከት፣ በሶኬትና በማብሪያ ማጥፊያ ላይ የሚገኙ አንዳንድ ፕላስቲኮች ሲግሉ የዓሣ የሚመስል ሽታ ያወጣሉ። የቤቱ ሰዎች ማእድ ቤቱንና የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ፈትሸው ምንም ሳያገኙ ይቀራሉ። ምንጩ ያልታወቀ እንዲህ ያለ ጠረን ሲኖር ሶኬቶቹን መመልከት ይገባል። ከግድግዳ ውስጥ የሚሰማ የመንጫጫት ወይም የመንጣጣት ድምፅም ተመሳሳይ ትርጉም አለው።

የአንድ አምፖል ብልጭ ድርግም ማለት ከአምፖሉ ወይም ከመያዣው ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣ ሲነሣ መብራቱ ለቅጽበት ደብዘዝ ቢልም ብዙ አያስጨንቅም። አሳሳቢው ከፊሉ መብራት ከወትሮው እጅግ ሲደምቅ ከፊሉ ሲደክም ነው፤ ይህ የኒውትራል ሽቦ መበጠስን ሊያመለክት ይችላል። ቮልቴጁም ከመጠን በላይ ስለሚያሻቅብ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ዋናውን ማጥፊያ ወዲያው ማውረድና ለኃይል አቅራቢው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማእከል ቁጥር 905 ነው።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የውኃ ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ጉዳዩ የሕይወት ነው። በብዙ ቤቶች ለዚህ የሚሰጠው ምክር «ጫማ አድርገሽ ንኪው» የሚል ነው። ጫማው ስሜቱን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ብልሽቱን አያስወግድም፤ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር የቆመ ልጅ በዚያው ማሽን ሊሞት ይችላል። ነዘራው ኃይል ወደ ብረቱ አካል መፍሰሱንና የመሬት መስመሩ አለመሥራቱን ወይም አለመኖሩን ይጠቁማል። መሣሪያው ከሶኬት ሳይነቀል፣ ሳይመረመርም መነካት የለበትም፤ ንቀላውም በደረቅ እጅ፣ የሚቻል ከሆነ ዋናውን ማጥፊያ አውርዶ ይሁን። በብሬከር ሣጥን ውስጥ የመሙከሪያ ቁልፍ ያለው የፍሳሽ ኃይል መቁረጫ ካለ፣ ቁልፉን በየጊዜው ተጭኖ መሥራቱን ማረጋገጥ ይገባል፤ ሲጫኑት ኃይሉን ካልቆረጠ መቀየር አለበት።

ደጋግሞ የሚጥልን ብሬከር በትልቅ መተካት፣ የተቃጠለን ፊውዝ በተራ ሽቦ መጠገን ምልክቱን ማጥፋት ነው፤ ሙቀቱ ከዚያ በኋላ ወደ ግድግዳው ሽቦ ይዛወራል።

በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖች ጥፋቱ በእነርሱ እንዳይላከክ በመስጋት የጠቆረ ሶኬት አይተው ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ። ጠባሳውን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በዕለቱ ለአሠሪ መላክ ከዚህ ስጋት ይጠብቃል፤ ቀኑም ይመዘገባል።

ጭስ ወይም እሳት ከታየ፣ መድረስ ከተቻለ ዋናው ማጥፊያ ይወርዳል፤ ኃይሉ ባልተቋረጠ መስመር ላይ ውኃ አይደፋም። ካልተቻለ በሩን ዘግቶ መውጣትና ከውጭ መደወል ይገባል፦ በኤምሬቶች 997፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 998፣ በአዲስ አበባ 939። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ባለሙያ መስመሩን ሳይፈትሽ ኃይሉ ተመልሶ አይበራም።