«ቆሞ ቀር»፦ ቃሉና በልቦለዳችን የምናገኛት ልጃገረድ

ላላገባች ሴት የተሰጡት የአማርኛ ስያሜዎች ላይ ላዩን ሲታዩ ዕድሜን የሚያመለክቱ ይመስላሉ፤ ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ግን ፍርድ ያዘሉ ናቸው። «ሳዱላ» መነሻው የጠጕር አቈራረጥ ነው፤ ልጅቱ ገና ለባል ያልተሰጠች መሆኗ ከራሷ ላይ ይነበብ ነበር። «ገረድ» በጉራጌ ቋንቋዎች ሴት ልጅ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ብቻውን ሲነገር ለቤት አገልጋይ ሆኗል፤ ክብር የሚሰጠው «ልጃገረድ» በሚለው ጥምር ውስጥ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን «ቆሞ ቀር» ነው። ክብደቱን ለመመዘን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይረዳናል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ሐረጋቸው ኰርተው፣ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የሚጠይቀውን ሁሉ አይተካከለንም እያሉ ሲመልሱ የመዳሪያዋ ጊዜ ያልፋል። እንቢ ያሉት አባት ናቸው፤ እንዲህ ያለው ስም የሚወጣው ግን ለልጅቱ ነው።

እስቲ ሰዋስዉን እንመልከት። «ቆመ»ም «ቀረ»ም ተሳቢ የማይሹ ግሦች ናቸው። የቆመችው እርሷ፣ የቀረችውም እርሷ። ማን አቆማት፣ ማን አስቀራት የሚለው ጥያቄ በቃሉ ውስጥ ስፍራ የለውም። ደራሲው ይህን የተሰወረ አድራጊ አውጥተው፣ ስምና ማዕርግ ሰጥተው ያሳዩናል፤ የመጽሐፉ አንዱ ብርታት ይህ ይመስለኛል። የሚያስገርመው «ቆሞ» በቅርጹ የተባዕት ሆኖ ሳለ ነቀፋው በሴቷ ላይ መጽናቱ ነው። ወንዱ «ወንደላጤ» ይባላል፤ ይህም ወጥ ባልተሠራበት ቤቱ ከመቀለድ እምብዛም አያልፍም።

ተርጓሚም እዚህ ላይ ይቸገራል። እንግሊዝኛው «ስፒንስተር» በመነሻው ፈታይ ማለት ነው፤ የሙያ ስም የነበረው ላላገባች ሴት የሕግ መጠሪያ፣ ኋላም መነቀፊያ ሆነ። «ቆሞ ቀር»ን በዚህ ቢተኩት ነቀፋው ይተላለፋል፤ እኵዮቿ ሁሉ ሲሄዱ እርሷ ባለችበት መቅረቷ ግን ይጠፋል።

ቃሉ ዛሬ ለኋላ ቀር አስተሳሰብም ስለሚነገር፣ በመዝገበ ቃላት ሁለቱ ፍቺዎች ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። የቀደመውን «ሳታገባ ዕድሜዋ ያለፈ ሴት» ብሎ መፍታት የተናጋሪውን ፍርድ እንደ እውነት መመዝገብ ነው። «በተለመደው ዕድሜ ላላገባች ሴት የሚሰነዘር የነቀፋ ስም» ቢባል ግን ነቃፊውም በፍቺው ውስጥ ይታያል።