ከበረት እስከ ገበታ

ሥጋ የሚበላ ሰው የሚበላውን እንስሳ ራሱ አርብቶ፥ ራሱም አርዶ ለመብላት ይችላልን? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ካለ ሥጋ ቤት ተቀምጠን ቁርጥ ስንበላ፥ «በሬውን ከነነፍሱ አምጥተው ቢላዋውን በእጅህ ቢሰጡህ ኖሮ የዛሬው ምሳህ ምን ይሆን ነበር?» አለኝ። በዚያው ሥቀን ተውነው። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም፤ እኔ የገበሬ ልጅ ስለ ሆንሁ መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ጥያቄው ጠንክሮ የሚገኘው በረትና ገበታ እጅግ በተራራቁበት አገር ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ወደ እንግሊዝ አገር ታሪክ እሄዳለሁ፤ የምጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ ባላገር እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ፥ ድኻም ቢሆን፥ በጎጆው ጓሮ አንድ ዐሣማ ማርባት ልማዱ ነበር። (በእኛ ዘንድ የዐሣማ ሥጋ የማይበላ ቢሆንም፥ አንባቢ ነገሩን እንጂ እንስሳውን እንዳይመለከትብኝ እለምናለሁ።) ዊልያም ኮበት የተባለው ጸሓፊ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ለጎጆ ነዋሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ፥ ዐሣማ ማርባት ቤተሰብን ከችጋር የሚያድን መሆኑን አጥብቆ መክሯል። ዐሣማው የድንች ልጣጭና የወጥ ቤት ትራፊ እየበላ ይሰባል፤ ብርዱ ሲገባ ይታረዳል፤ ሥጋው በጨው ታሽቶ ለክረምቱ ይሰቀላል። እንስሳው የቤቱ ሀብት ስለ ነበር ቤተሰቡ ሁሉ ስለ እርሱ ያስብ ነበር።

ነገር ግን አራጁ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ አልነበረም። ከመንደር ወደ መንደር የሚዞር፥ ለዚሁ ሥራ የታወቀ ባለሙያ ነበር። ቶማስ ሃርዲ በ1895 ባሳተመው «ጁድ» በተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ፥ በረዶ መንገዱን ስለ ዘጋው አራጁ ይዘገያል፤ ባልና ሚስቱ ያሳደጉትን ዐሣማ በገዛ እጃቸው ለማረድ ይገደዳሉ። ሚስቲቱ ሥጋው እንዳይበላሽ ደሙ ቀስ ብሎ እንዲፈስ ትፈልጋለች፤ ባልየው ግን ያበላውን እንስሳ ማሠቃየት ስለ ከበደው ቢላዋውን አጥልቆ ቶሎ ይገድለዋል። ከዚህም የተነሣ ይጣላሉ። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ ነገር ግን ጸሓፊው የባላገሩን ኑሮ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። እንግዲህ በረትና ገበታ በአንድ ግቢ በነበሩበት ጊዜም በመካከላቸው የሌላ ሰው እጅ ይገባ ነበር ማለት ነው።

በከተማ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። በለንደን መካከል በነበረው በስሚዝፊልድ ገበያ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በዓመት ከ200,000 በላይ የቀንድ ከብትና 1,500,000 ያህል በግ ከነነፍሱ ይሸጥ ነበር። ከሩቅ የተነዳው መንጋ በጠባቡ ጎዳና ሰዉን እየገፋ ያልፋል፤ በአካባቢውም ባሉት ምድር ቤቶች እርድ ይፈጸማል። የለንደን ሰው በዚያን ጊዜ የሚበላው ከወዴት እንደሚመጣ አላውቅም ለማለት አይችልም ነበር፤ ጩኸቱን ይሰማል፥ ደሙንም ይረግጣል። ስለ ሕዝቡ ጤናና ስለ እንስሳቱ ሥቃይ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1852 ሕግ ወጣና የከብቱ ገበያ በ1855 ወደ ኢዝሊንግተን ተዛወረ። በፓሪስም ናፖሊዮን በ1810 ባወጣው ትእዛዝ መሠረት የተሠሩት አምስት ቄራዎች በ1818 ሥራ ጀምረው ነበር። ምክንያቱ መልካም ነው፤ በደጁ የእርድ ጐርፍ እንዲወርድ የሚመኝ ሰው የለም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የተወለደው የከተማ ልጅ በግን በሜዳ፥ ሥጋን በሱቅ እንጂ ሁለቱን በአንድነት ለማየት አልቻለም።

ይህን መለያየት ወደ ፍጻሜው ያደረሰችው አሜሪካ ናት። በ1865 በቺካጎ የተከፈተውና እስከ 1971 የቆየው ታላቅ የከብት በረት በዙሪያው የሥጋ ፋብሪካዎችን ሰበሰበ። በዚያ የታረደው እንስሳ ከላይ በተዘረጋ ሐዲድ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ አንዱ ሠራተኛ ይገፋል፥ ሌላው ይሰነጥቃል፥ ሌላው አንዲት ብልት ብቻ ያወጣል። አፕተን ሲንክሌር በ1906 ስለዚሁ ፋብሪካ የጻፈው ልብ ወለድ አገሩን አናወጠ። ጸሓፊው ያሰበው ለሠራተኞቹ መከራ ነበር፤ አንባቢው ግን የተቈጣው ስለ ሥጋው ንጽሕና ነው፤ የሥጋ ምርመራ ሕግም በዚያው ዓመት ወጣ። ሰው ሥጋውን እንጂ ማን እንዳረደው አልጠየቀም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ሱቅ የለመደው ከተሜ ወደ በረቱ ለመመለስ ይችላልን? የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለዚህ ጥሩ ፈተና ሆኖ ይገኛል። በመርከብ የሚመጣው ምግብ በጀርመን ባሕር ሠርጓጅ መርከቦች አደጋ ላይ ስለ ወደቀ፥ የእንግሊዝ መንግሥት በ1940 መጀመሪያ ሥጋን በራሽን አደረገ። በዚያው ዓመት ጥቂት ዐሣማ የሚያረቡትን ሰዎች የሚረዳ ምክር ቤት ተቋቋመ። ጎረቤታሞች እንደ ዕቁብ እየተሰበሰቡ የዐሣማ ማኅበር አቆሙ፤ ትራፊ ምግብ ከየቤቱ ይሰበስባሉ፥ በረቱን በተራ ይጠርጋሉ፥ ካረቡትም ግማሹን ለመንግሥት ይሸጣሉ። በለንደን መካከል ባለው በሃይድ ፓርክ እንኳ ፖሊሶች ዐሣማ ያረቡ ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ የማኅበራቱ ቍጥር ወደ 6,900 ገደማ ደርሶ ነበር። ከዚህ በፊት የእንስሳ አዛባ ነክቶ የማያውቅ ጸሓፊና ባለሱቅ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራውን ተማረ።

ስለ ማርባቱ መልሱ ይህ ነው፤ ችሎታው ጠፍቶ ሳይሆን ተኝቶ ነበር። እርዱ ግን በፈቃድ የሚደረግ ሆኖ ብዙውን ጊዜ የሚፈጽመው ባለሙያው ሥጋ ሻጭ ነበር። ሕጉ አንድ ምክንያት ነው። ሌላውን ምክንያት ከሕግ መዝገብ ሳይሆን ከአባቴ ቤት ያገኘሁት ይመስለኛል።

አባቴ በግና ፍየል በማረድ ከመንደሩ የሚስተካከለው አልነበረም። ጉራች የተባለው የእርሻ በሬያችን አርጅቶ ቀንበር በከበደው ጊዜ ግን ለገና ይጥለዋል ስንል ወደ ገበያ ነድቶ ሸጠው። በገንዘቡም ከጎረቤቶቹ ጋራ ገብቶ የማናውቀውን በሬ ለቅርጫ ገዙ። በሬው ታረደ፤ ሥጋው በየመደቡ ተደለደለ፤ ዕጣ ተጣለ። እኔ ልጅ ነበርሁና «አባዬ፥ የጉራችስ ሥጋ ያው ሥጋ አይደለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ልጄ፥ እርሱ አብሮኝ ያረሰ ነው» አለና ዕጣው ወደ ደረሰው መደብ ሄደ። ጉራችን የገዛው ነጋዴ ምን እንዳደረገው እናውቅ ነበር፤ ሆኖም ማንም አላነሣውም።

ዛሬ በአዲስ አበባ እንደ ብዙው ሰው ሥጋዬን በኪሎ እገዛለሁ። ነገር ግን ከተማችን እንደ ለንደን ፈጽማ አልተለየችም። በ2000ዎቹ ዓመታት የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች እንኳ ለነዋሪው የእርድ ስፍራ ታስቦላቸዋል፤ በበዓል ዋዜማ በግ በሰው ትከሻ ደረጃ ሲወጣ ይታያል።

ባለፈው ፋሲካ እኔም በግ ገዝቼ ሦስት ቀን በግቢ አሰርሁ። ልጆቼ ሣር እየሰጡ ስም አወጡለት፤ እንዳይሰይሙት ለመከልከል አስቤ ነበር፥ ግን ዘገየሁ። በነጋታው ቢላዋውን ስዬ ወጣሁና ጥቂት ቆሜ ተመለስሁ። በደጅ የሚያልፈውን አራጅ ጠራሁት። እርሱም እጅጌውን ሰብስቦ፥ «ጌታዬ፥ እግሩን ይያዙልኝ» አለኝ፤ ያዝሁ። በስመ አብ ብሎ ባረከ፤ ነገሩም ከገመትሁት ፈጥኖ አለቀ። በምሳ ጊዜ ታላቁ ልጄ ጥብሱን ሁለት ጊዜ አስጨመረ፤ ታናሺቱ ግን ዶሮ ወጡን ብቻ በላች።